የረድኤት ጥንድ

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቅጹ መጣ። እንደ ወትሮው ከግድግዳው ውስጥ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ፣ «እንደምን አደሩ አቶ ይበልጣል፤ የሳምንቱ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ደርሰዋል» አለ። ይበልጣል ሻዩን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ሚስቱ ረድኤት ነጠላዋን ደርባ ወደ ግቢ ወረደች። ቅጹ የሚሞላው ስለ እሷ ስለሆነ በዚያ ሰዓት እቤት መገኘት አይፈቀድላትም።

በ2091 ዓ.ም. በኮምቦልቻው የመድኃኒት ብልቃጥ ፋብሪካ የሠራተኞች መንደር እሑድ ጠዋት እንዲህ ነበር። ግቢው ቅጽ እስኪሞላባቸው በሚጠብቁ ሚስቶችና ባሎች ይሞላል። አንዳንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ልብስ ያሰጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የራሱን መስኮት ያያል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅ ነውር ነው።

ጥያቄዎቹን ይበልጣል በቃሉ ያውቃቸዋል። ሠራተኛዋ ስንት ሌሊት በደንብ ተኛች? ስንት ጊዜ ሳቀች? ስለ ሥራ ጥንዷ ስታወራ ድምፅዋ ምን ይመስላል? ሰባተኛው ስለ እሱ ስለ ራሱ ነው፦ በሠራተኛዋና በሥራ ጥንዷ መካከል ስላለው ግንኙነት ምን ያህል ቅናት ይሰማዎታል? ከዜሮ እስከ ዘጠኝ። ዘጠነኛው ስለ ጤና ነው፦ ሠራተኛዋ ላይ ያዩት የጤና ለውጥ አለ?

ይበልጣል ቅጽ ላይ ዋሽቶ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ረድኤትን ሁለት ቀን ሲያስላት ዘጠነኛው ላይ «አዎ፣ ሳል» ብሎ ጻፈ፤ ፋብሪካው በማግስቱ ለሳምንት ከመስመር አወጣት። ያን ቀን ረድኤት ነውሩን ጥሳ፣ «ጽፈህብኝ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አዎ» አላት። ሳቅ ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰለው።

ሰባተኛው ላይ ለሁለት ዓመት ዜሮ ሲጽፍ የኖረው ሊደብቅ ብሎ አልነበረም። የረድኤት ጥንድ ሐያት ይመር የምትባል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆቿን ድራለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ሕመሙን በስሙ ይጠራው ነበር። በሴት፣ ያውም እናቱ ልትሆን በምትቀርብ ሴት፣ ሰው ይቀናል ወይ? ስለዚህ ደረቱ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ድካም ይለው ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ጨጓራ።

ፋብሪካው ጥንዶችን የሚያገናኘው በጠባይ ክፍሉ ነው። የአንዱን ፍርሃት ከሌላው ትዕግሥት፣ የአንዱን ችኩልነት ከሌላው እርጋታ ያስተያዩና ልክ ያወጣሉ። የረድኤትና የሐያት ልክ ዘጠና አራት ነበር፤ በአዳራሹ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ጥንዶች ዕረፍታቸው አንድ ቀን ይወጣል፤ ቁርሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚተኙበት ሰዓት እንዲመሳሰል ይመከራሉ። ረድኤት ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን «ሐዩዬ ተኝታለች» ትልና መብራት ታጠፋለች፤ ይበልጣል ጨለማው ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል።

እሱ የሚሠራው ማሸጊያ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ነው፣ ከማሽኖች ጋር። ጥንድ ስለሌለው ስለ እሱ የሚሞላ ቅጽ የለም። ስንት ጊዜ እንደሳቀ የሚጠይቅለት አልነበረም።

የዚያ እሑድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ግን አንድ ነገር ሆነ። ይበልጣል ፒያሳ የጫማ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሳለ ረድኤትና ሐያት ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። ሐያት እንደ ሁልጊዜው በረድኤት ግራ ናት። ሁልጊዜ በግራዋ ናት፤ በእግር ሲሄዱም፣ ለበዓል እቤት መጥታ ስትበላም። ይበልጣል ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። በመካከላቸው ሁለት ክንድ ቢቀር ነው። ረድኤት ፊቷን ሳታዞር አለፈችው። ያየችው ሐያት ነበረች፤ ቆም አለችና፣ «አንቺ፣ ይበልጣል ነው እኮ» አለቻት። ረድኤት ያን ጊዜ መላ አካሏን አዙራ፣ «ውይ! አንተ ነህ?» አለች።

ከገዛ ሚስቱ ጋር ያስተዋወቀው ሌላ ሰው ሆነ። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ከጉሮሮው አልወርድ አለ።

እሑድ ጠዋት ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ሻዩ ቀዝቅዟል። በመስኮት ወደ ግቢ ቢያይ ረድኤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ምን ትዝ እንዳላት አያውቅም። ማን እንደሚያውቅ ግን ያውቃል። ሰባት ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጠባይ ክፍሉ ጠራው። ያነጋገረችው ኑሃሚን የምትባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ወንበርና አንድ የውሃ ማሰሮ ብቻ አለ።

«ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ አቶ ይበልጣል። እንዳይጨነቁ። ቅናት እዚህ ቤት ነውር አይደለም፤ እንደ ትኩሳት የምንለካው ነገር ነው።»

«እኔ ወይዘሮ ሐያትን አልጠላቸውም» አለ።

«ይጠላሉ ብዬ አልጠየቅሁም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። ቅዳሜ ነው ያወቅሁት።»

«ከዚያ በፊት?»

«ሐዩዬ ትላታለች። አንቺ ትላታለች። እኔ እትዬ ሐያት፣ እርስዎ እላለሁ። አንድ ማእድ ላይ ቁጭ ብለን እኔ እንግዳው እሆናለሁ።»

ኑሃሚን ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ድምፅዋን ሳትቀይር ነገሩን አስረዳችው። የትዳር ጓደኛ ቅናት ከአምስት ሲያልፍ ሠራተኛው ባያውቅም እንኳ ቤቱ ይከብደዋል፤ ቤቱ የከበደው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑ ይደክማል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እሱን ማከም ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለስድስት ወር። ሁለተኛው ጥንዱን መለወጥ ነው፤ እሱ ከፈረመ ነገ ያልቃል።

«ከለወጣችሁ ማን ይሆናል ጥንዷ?»

«የሙከራ ፕሮግራም አለን። ባልና ሚስትን አንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ። መዝገባችሁን አስተያይቻለሁ።» ወደ ወረቀቷ አየች። «የእርስዎና የእሷ ልክ ሃምሳ ስምንት ነው። ዝቅተኛው ሃምሳ አምስት ስለሆነ ያስኬዳል።»

«ሃምሳ ስምንት? አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን?»

«ትዳር አንለካም፣ አቶ ይበልጣል። የምንለካው አብሮ መሥራትን ነው።»

ሃምሳ ስምንት የሚለው ቁጥር ፊቱን አሞቀው። በቁጥር ከሆነ ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል ብሎ አሰበ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ካስቀመጡን፣ ቀኑን ሙሉ የማያት እኔ ከሆንኩ፣ ሐያት የምታውቀውን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ። ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲመልስላት ኑሃሚን፣ «ለባለቤትዎ እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኛ?» ብላ ጠየቀችው።

«እናንተ ንገሯት» አለ።

በማግስቱ ረድኤት ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። «ሐያትን ወሰዷት» አለች። «ምድጃ አዳራሽ አስገቧት። በዚያ ጉልበቷ።»

ይበልጣል እንባ ይጠብቅ ነበር፤ ለእንባ ተዘጋጅቷል። ያየው ግን ፍርሃት ነበር። ከንፈሯ ነጥቷል።

«አይዞሽ» አላት። «እኔን ነው አሉ የሚመድቡልሽ። ዛሬ ነገሩኝ።» ቅጽ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው በሚስቱ ፊት ዋሸ።

ረድኤት ለረጅም ጊዜ አየችው። «አንተን?» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

የሥልጠናው ሦስት ቀን አለፈና ሰኞ ጠዋት ነጭ ካፖርት ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። አርባ ብልቃጥ የያዘ ትሪ በሁለቱ መካከል መጥቶ ይቆማል። አገጭን ማስቀመጫው ላይ አሳርፎ ራስን ሳያዞሩ ከዳር እስከ ዳር ማየት ነው። ንጹሕ ከሆነ ሁለቱም እኩል «ደህና» ይላሉ፤ ስንጥቅ ወይም አረፋ ካለው «ይውጣ»። ማሽኑ ብልቃጡን ቀድሞ አይቶታል፤ ግን ሕፃን ክንድ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት የሚሞላበት ዕቃ ሁለት ሰው በቃሉ ካላጸደቀው ከአዳራሹ አይወጣም። በሁለቱ ድምፅ መካከል ያለችው ክፍተት ትለካለች። የረድኤትና የሐያት «ደህና» አንድ ሰው የተናገረው ይመስል ነበር ይባላል።

የይበልጣልና የረድኤት «ደህና» የሁለት ሰው ነበር። እሱ ሲቸኩል እሷ ትዘገያለች፤ እሷን ሲጠብቅ እሷ ቀድማ ጨርሳለች። በትሪና በትሪ መካከል የምትገኘዋን ትንፋሽ በቀልድ ሊሞላት ሞከረ፤ ስለ ማሸጊያው አዳራሽ፣ ስለ አለቃው ማንኮራፋት ነገራት። ረድኤት በትሕትና ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ያውቀዋል፤ ለጎረቤት የምትፈግገው ነው። በአጠገባቸው መስመር ላይ ያሉት ሁለት ልጃገረዶች በሆነ ነገር ሲንከተከቱ ይበልጣል ጥርሱን ነከሰ። እዚሁ ወንበር ላይ፣ አሁን እሱ በተቀመጠበት ቦታ፣ ሌላ ሰው ሚስቱን ያስቃት ነበር። ወንበሩን ለእሱ ሰጡት እንጂ ሳቁን አልሰጡትም።

ሐሙስ ቀን በትሪው ዳር፣ በእሱ ቀኝ በእሷ ግራ በኩል፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያለባት ብልቃጥ መጣች። ይበልጣል ገና እያያት ረድኤት ጥርት ባለ ድምፅ «ደህና» አለች።

«ይውጣ» አለ እሱ።

ትሪው ተነሣ። ረድኤት ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ዳር። መጀመሪያ እልኸኛ ሆና መሰለው። ከእኔ ጋር ከምትሠራ ሥራውን ታበላሻለች ብሎ ቆሽቱ አረረ። ለምሳ ሲነሡ ግን ረድኤት በግራዋ የቆመውን የባልዲ ጋሪ ገጭታው አለፈች፤ ጋሪው ቀይ ነበር፣ ወገቧ ድረስ ይደርሳል። ይበልጣል እዚያው ቆመ። ፒያሳ፣ የጫማው ሱቅ በር ትዝ አለው። በግራዋ ነበር የቆመው።

ምሳ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሱ በግራዋ። ረድኤት እንጀራዋን ስትቆርስ ይበልጣል እጁን ቀስ አድርጎ አነሣና ከጉንጯ አንድ ጋት ራቅ አድርጎ ያዘው። ጠበቀ። ረድኤት ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

«እጅህን አውርድ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ጥላው አይታየኝም፤ ሰዎቹ ሲያዩህ ግን ይታየኛል።»

«ረድኤት…»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። መጀመሪያ ከዳር በኩል እንደ መጋረጃ ወረደ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው።»

«ታዲያ በዚህ ዓይንሽ እንዴት…»

«ሐያት። የእኔንም ዳር እሷ ታይልኛለች። መጥፎ ካለ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ትነካኛለች፤ እኩል ‹ይውጣ› እንላለን። አንድም አላመለጠን።»

ያን ሁሉ ጊዜ በመካከላቸው የነበረው ነገር፣ እሱ ሳቅና ወሬ ያለው ነገር፣ ይህ ነበር። አዘነ፤ ግን ከኀዘኑ በፊት የደረሰው ሌላ ነበር። ዓመት ከሁለት ወር። ሐያት ታውቃለች፤ እሱ አያውቅም።

«ለእሷ ነግረሽ ለእኔ?»

ረድኤት ያን ጊዜ ዞረች፣ እንደ ሁልጊዜው በመላ አካሏ። «ዘጠነኛውን ጥያቄ የሚሞላው ማን ነው? ሳሌን የጻፈው ማን ነው? ብነግርህ ሁለት ነገር ነበር የሚሆነው፤ ወይ ትጽፋለህ፣ ወይ ለእኔ ብለህ ትዋሽና እንቅልፍ ታጣለህ። ሁለቱንም አልፈለግሁም።»

«እኔ ባልሽ ነኝ።»

«ባሌማ ነህ። ጥንዶች አንዱ የሌላውን መዝገብ እንደሚያነብ አልነገሩህም? የመጀመሪያው ቀን ነው ያነበብኩት። ሰባት ብለሃል። ፊርማህንም አይቻለሁ።» እጇን በናፕኪን ጠረገች። «ከቅናትህ ይልቅ ያ ‹ዛሬ ነገሩኝ› ያልከኝ ነው የቆረጠኝ።»

ተነሥታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አገጫቸውን አሳርፈው አንድ መቶ ስድሳ ትሪ አዩ። ይበልጣል ሁለቱንም ዳር ለብቻው ሊያይ ሲሞክር ዓይኑ አለቀሰ።

ዓርብ ሥራ ሲለቁ ወደ ምድጃ አዳራሹ በር ሄዶ ሐያትን ጠበቃት። ፊቷ ከሙቀቱ ቀልቷል፤ ሻሿን እንደ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላዋለች። ሲያያት ቁጣም ልመናም አብረው መጡበት።

«እትዬ ሐያት፣ ስለ ዓይኗ ነግራኛለች።»

«እንኳን ነገረችህ» አለች። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔም ይሄ ነገር ልቤን ሲበላኝ ነው የከረመው።»

«ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባት! ዓመት ሙሉ እያወቁ እንዴት ዝም ይላሉ?»

«ዝም?» ሐያት ቀና ብላ አየችው። «በየቀኑ ነው የለመንኳት። ሐኪም ያየው ነገር በዚያው ቀን ጠባይ ክፍል ይደርሳል። ከመስመሩ ያወጡኛል ብላ እንቢ አለች። ለባልሽ ንገሪውና አፍኖም ቢሆን ይውሰድሽ አልኳት፤ እሱንም እንቢ አለች። እኔ ምን ልሁን? የሥራ ጥንድ ነኝ። እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ላስገባት መብት የለኝም። መብቱ ያለህ አንተ ነህ።»

ይበልጣል ድምፁ ወረደና፣ «እንዴት ነበር ሁለቱንም ዳር የሚያዩት? ያስተምሩኝ» አላት።

«እሱ በትምህርት አይገኝም። እኔ ሠላሳ ዓመት ብልቃጥ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እኔም ማታ ማታ ራሴን እያሰርኩ ነው የምተኛው። አንተ ብትሞክረው አንድ ቀን አንዷ ታመልጥሃለች። የምትሄደው ደግሞ ወደ ሕፃን ነው።» ተነሣችና ሻሿን አስተካከለች። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣ። ሰባት ብለህ መጻፍህን ስሰማ ሳቅሁ። እኔ እኮ ነኝ ስቀና የከረምኩት። እኛ ስንለያይ እሷ የምትገባው አንተ ጋ ነው። እኔ የምገባው ባዶ ቤት ነው።»

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ቅጹ ሲመጣ ረድኤት ነጠላዋን አነሣች። ይበልጣል፣ «አትውረጂ» አላት።

«ክልክል ነው።»

«ይሁን።»

ግድግዳው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበ። ስምንተኛው እስኪያልቅ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አዳመጡ። ዘጠነኛው ሲመጣ የይበልጣል ጣት ቅጹ በሚሞላበት ሰሌዳ ላይ ቆመ። ምርጫው በእጁ ነበር፤ ‹የለም› ቢል ረድኤት ወንበሯ ላይ ትቆያለች፣ እሱም በመጨረሻ ሐያት የነበራትን ቦታ ያገኛል፣ ምስጢሩ የእነሱ የሁለቱ ብቻ ይሆናል። ይህን ማግኘት ምን ያህል እንዳማረው ሲያውቅ ራሱ ደነገጠ።

«‹የለም› ብዬ ልጻፍልሽ?» አላት።

«ሐሙስ ሦስት ብልቃጥ ‹ደህና› ብያለሁ» አለች። «ሐያት ስትኖር አንድም ብዬ አላውቅም። አንተ ባታይ ኖሮስ?» ሰሌዳውን ከእጁ ወሰደችና በራሷ ጣት ጻፈችው፦ አዎ፣ የግራ ዓይን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት ሆነ። ሰኞ ጠዋት ከመስመር አወጧት፤ ረቡዕ ደሴ ለምርመራ ተላከች። ሐኪሙ ከዓመት በፊት ብትመጣ የግራው ይድን እንደነበር፣ አሁን ግን ማትረፍ የሚቻለው በሽታው ገና የጀመረውን የቀኙን ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። የቀኙን አተረፉላት። ፋብሪካው የረድኤትና የሐያት ቃል ያለባቸውን የዓመት ከሁለት ወር ናሙናዎች ከመጋዘን አስወጥቶ በሌሎች ጥንዶች አስፈተሻቸው። አንድም ስንጥቅ አልተገኘም። ሐያት ስለደበቀች ለሦስት ወር ከሥራ ታገደች፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ ስለ ዓይኗ ጥራት ምስጋና ተጽፎላታል። የሙከራው ፕሮግራም «ለጊዜው» ቆመ።

ረድኤትን ጥንድ ወደሌለበት ክፍል አዛወሯት። አሁን የምትሠራው በስልክ ነው፤ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን አቤቱታ ተቀብላ ታስመዘግባለች። ለሁለት ወር ያህል ከይበልጣል ጋር ስለ ዳቦና ስለ ውሃ ብቻ ተነጋገረች። አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ከኋላው መጥታ፣ «ሰባቷን ይቅር ብዬሃለሁ። ‹ዛሬ ነገሩኝ›ን ግን ገና ነኝ» አለችው። እሱም፣ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲሄዱ በግራዋ መሄድ ጀመረ። ክንዱን ስትይዘው ሐያትን ስትይዝ እንደነበረው አልተደገፈችበትም፤ አንዴ ከያዘችው ግን አልለቀቀችውም።

የሐያት እገዳ ሲያልቅ ኑሃሚን ይበልጣልን እንደገና ጠራችው። አሁን መስመር ላይ የሠለጠነ ሰው ስለሆነ ያለ ጥንድ ሊተዉት አይችሉም።

«ከሁሉም መዝገብ ጋር አስተያይተነዋል» አለች። ግራ የገባት ትመስላለች። «ከወይዘሮ ሐያት ጋር ሰማንያ ሰባት ያወጣሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ምክንያቱን እኛም አላወቅነውም። ይፈርማሉ?»

ረድኤት ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ በመሃል ቆመ። «ስለ እኔ ታወራላችሁ» አለች።

«ስለ ሥራ ነው የምናወራው» አላት።

ስለ ሥራ አላወሩም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሐያት፣ «ረድኤት እንዴት አደረች?» አለች፤ ይበልጣል በትሪና በትሪ መካከል መለሰላት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልኖራቸውም። ወሬው ደግሞ ቀስ እያለ ፉክክር ሆነ። እሱ ረድኤት ዓሣ እንደምትወድ ሲናገር ሐያት፣ «ለአንተ ብላ ነው እንጂ ሽታው ያቅለሸልሻታል» ትለዋለች። ሐያት ረድኤት ነጎድጓድ እንደምትፈራ ስትናገር እሱ፣ «ድሮ ነው፤ አሁን መስኮት ከፍታ ነው የምታዳምጠው» ይላታል። አንዱ ነጥብ ሲያስቆጥር ሌላው ትሪው እስኪያልፍ መልስ ያሰላስላል። እርስዎ ማለቱም ሳያውቀው አንቺ ሆነ። «ደህና» ሲሉ ግን ድምፃቸው አንድ ላይ ይወጣ ጀመር፤ በሁለተኛው ወር ማሽኑ ዘጠና አንድ አላቸው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐያት አገጯን እንዳሳረፈች ፈገግ አለች።

«የሠርጋችሁ ዕለት መኪና ውስጥ ያለቀሰችው ምን ሆና እንደሆነ ነግራሃለች?»

ይበልጣል ያን እንባ በደንብ ያስታውሰዋል። መሐረብ አውጥቶ የጠረገላት እሱ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ በየዘመድ ቤቱ፣ በየጓደኛው ሠርግ፣ ሚስቴ በደስታ ያለቀሰች ጊዜ እያለ ከልቡ አምኖ ሲያወራው ኖሯል።

«ጫማው ጠቧት ነው እኮ!» አለች ሐያት፣ ሳቋን አፍና። «ጣቷ ደምቶ! አንተ ከንፈርህ እየተንቀጠቀጠ ስትጠርግላት አሳዘንካት፣ ምን ብዬ ልንገረው ብላ…»

ትሪው መጣና በመካከላቸው ቆመ። አርባ ብልቃጥ፣ ሁሉም ንጹሕ።

«ደህና» አሉ እኩል።

«አውቃለሁ» አለ ይበልጣል፣ ትሪው ሲነሣ። «የዚያኑ ዕለት ማታ ነግራኛለች።»